ነፃ አዳር በሲሬ

ሲሬ ሲባል ብዙ ሰው የአርሲዋን ያስባል። የእኔዋ የወለጋዋ ናት፤ በባኮና በነቀምቴ መካከል ዋናው መንገድ ላይ ያለችው የሲቡ ሲሬ ወረዳ ከተማ። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ ሲሬ ሲደርስ የቀረው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሾፌሩ መቆም አይፈልግም፤ ተሳፋሪውም ጉልበቱን አሸት አሸት አድርጎ «ትንሽ ነው የቀረን» ብሎ ይቀመጣል። መንገደኛ ሲሬን የሚያውቃት በመስኮት ነው። በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች፣ የተደረደሩ ባጃጆች፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከኋላ አረንጓዴ ኮረብታ፤ ከዚያ ታልፋለች። ሲሬ የሚያድር ሰው ወይ ዘመድ ያለው፣ ወይ ሥራ ያስመጣው፣ ወይ መኪናው የተበላሸበት ነው።

እኔን መጀመሪያ ሥራ አመጣኝ፤ ቀጥሎ ዘመድ አስቀረኝ። በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ወደዚያ የተመደብኩት በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። በአገራችን የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም ስለሆነ እኛ ወጣቶቹ ሥራው ገና ትኩስ እያለ ነው የደረስንበት። የክትባቱን ማቀዝቀዣ ሳጥን በበቅሎ ጭነን ገጠር ለገጠር ስንዞር አልጋ የሚባል ነገር የሚከራይበት ቦታ አልነበረም። መሸ ማለት አንዱ ገበሬ ቤት ገባን ማለት ነው። ባለቤቷ መደቡን ጠራርጋ ቁርበት ታነጥፍልናለች፤ እግራችንን ታጥበን ያለውን እንበላለን። ጠዋት ገንዘብ ማውጣት ነውር ስለነበር፣ የቤቱን ልጆች ቁስል ጠርጌ፣ የአማቷን ዓይን አይቼ እወጣ ነበር። እዚያው ትዳር ያዝኩ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የሲሬ ልጅ ነበር። በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛውረን ጡረታ የወጣሁት እዚሁ ነው፤ ቤቴም አስኮ ነው፣ የአምቦው መንገድ ጫፍ ላይ።

ይህን ሁሉ የማነሳው ስለ አንድ ካርድ ልጽፍ ፈልጌ ነው።

ሴት ልጄ የምትኖረው ሚኒሶታ ነው። ሁለት ልጆች አሏት፤ ወንዱ 12 ሴቷ 8 ዓመት። የመጡት በ2016 ክረምት ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው የኛ ዝናብ ሲከፈት ነውና ምርጫ የላቸውም። ገና ቲኬት ሳትቆርጥ በስልክ፣ «እማዬ፣ ሆቴሉ በነፃ ነው፤ በካርዴ ነፃ አዳር አለኝ» ትለኝ ጀመር። ነፃ የሚባል ነገር ሲነገረኝ ጥያቄ አበዛለሁ። የነርስ ልማድ ነው፤ ነፃ ናሙና መድኃኒት ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ከመጣች በኋላ አስኮ ሳሎኔ ውስጥ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። ልጆቻቸው ውጭ ያሉ አባቶችና እናቶች ይህን ነገር ደጋግመው ስለሚሰሙ ያስረዳችኝን ላካፍላችሁ።

እኛ ካርድ የምንለው ከራሳችን ሒሳብ ገንዘብ የምናወጣበትን የኤቲኤም ካርድ ነው። ክሬዲት ካርድ ግን የብድር ካርድ ነው። ባንኩ ይከፍልልሻል፣ በወሩ መጨረሻ ትመልሻለሽ፤ ሙሉውን ካልመለስሽ ወለድ ይቆጠርብሻል። አንዳንዶቹ ካርዶች ከሆቴል ኩባንያዎች ጋር የተጣመሩ ናቸው። አስቤዛ በገዛሽ፣ ነዳጅ በሞላሽ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀማል፤ ነጥቡ ሲበዛ በዚያ ኩባንያ ሆቴል ታድሪበታለሽ። በኛ አነጋገር ምርቃት ነው፤ ቡና ስትገዛ አንድ እፍኝ የምትጨምርልን የሰፈራችን ባለሱቅ የምታደርገው ዓይነት። ልዩነቱ፣ ባለሱቋ ምርቃቱን ለመስጠት በዓመቱ መጀመሪያ ገንዘብ አታስከፍለንም።

ልጄ ሁለት እንዲህ ያሉ ካርዶች ነበሯት። አንደኛው የሃያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር። ካርዱ ዓመት በሞላ ቁጥር አንድ ነፃ አዳር ይሰጣል፣ ደረጃቸው ከ1 እስከ 4 በሆኑ ሆቴሎች ብቻ። ሁለተኛው የሂልተን መካከለኛው ካርድ ነው፤ ክፍያው 95 ዶላር የነበረ፣ ከ2023 መጨረሻ አንስቶ 150 ዶላር የሆነ። ይኸኛው ነፃ አዳሩን ዝም ብሎ አይሰጥም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ 15,000 ዶላር በካርዱ ማውጣት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በየሦስት ወሩ እዚያው ሆቴል ለሚወጣ ወጪ እስከ 50 ዶላር ይመልሳል፤ በአሜሪካ ላልሆነ ሆቴልም ለሁለት ሰው ቀለል ያለ ቁርስ ያስገኛል። አራቱ 50 ዶላሮች ሲደመሩ 200 ስለሚሆኑ ከ150ው ይበልጣሉ ብላ አሳየችኝ። ወረቀት ላይ ልክ ናት።

«ባለፈው ዓመት ስንቱን ተጠቀምሽ?» አልኳት።

አንዱን። የቀሩት ሦስቱ ሩብ ዓመታቸው ሲያልቅ ተቃጥለዋል። በየሦስት ወሩ ሆቴል የሚያድረው ነጋዴ ነው፤ ልጄ በላቦራቶሪ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ናት።

የሃያቱም ነፃ አዳር ታሪክ አለው። በ2015 ክረምት ሊመጡ አስበው ነበር። ያን ጊዜ የወለጋ መንገድ አላስተማመነንም። ዘመዶቻችንም «ዘንድሮ ይቅርባችሁ» አሉን፤ እኔም አትምጡ አልኩ። ነፃ አዳሩ ግን ከተሰጠበት ቀን አንስቶ 12 ወር ብቻ ነው የሚቆየው፣ የሌሎቹም ኩባንያዎች ልማድ ይኸው ነው። ጸጥታ፣ ዝናብ፣ ለቅሶ አያውቅም። የዚያ ዓመቱ ሳይታደርበት ቀረ፤ 95 ዶላሩ ግን ተከፍሏል። ወደ አገር ቤት ለሚመላለስ ሰው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። የኛ ጉዞ በዘመድ ስልክ ነው የሚወሰነው፤ ካርዱ ግን የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው።

ከዚህም የባሰው ካርዱ ጉዞውን እየመራ መሆኑ ነው። ያወጣችውን ፕሮግራም አየሁት። አንድ ሌሊት መስቀል አደባባይ ያለው ሃያት፣ ከመመለሳቸው በፊት ሦስት ሌሊት በነጥብ ሂልተን፣ ሲሬ አንድ ሌሊት። አንድ! ሁለት ጊዜ ውቅያኖስ ተሻግረው፣ አባታቸው ቤት፣ የአባታቸው ታላቅ ወንድም 84 ዓመት ሞልቷቸው በሚጠብቁበት ከተማ አንድ ሌሊት። «ምን ላድርግ እማዬ፣ ካልተጠቀምንበት ይቃጠላል» አለችኝ። የመጡ ዕለትም እንዲሁ ሆነ። ጠዋት ደርሰው አስኮ ቁርስ በልተው፣ ቀኑን ሙሉ እኔ አልጋ ላይ ተኝተው፣ ማታ ካነጠፍኩት አንሶላ ተነስተው ሆቴል ሄዱ።

ሆቴሎቹን ለማጣጣል አይደለም። ሂልተን እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት ጀምሮ የከተማችን መኩሪያ ነው። በፍልውሃ የሚሞቀውን፣ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ቅርጽ የያዘውን የዋና ገንዳ የልጅ ልጆቼ ገና ሳያዩት በፎቶ ወደውት ነበር። በአዲስ አበባ ሥራ ያለው፣ ለሠርግ የመጣ፣ ማረፊያ ዘመድ የሌለው ሰው ካርዱ ሊያዋጣው ይችላል። የኛ አዳር ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው። እኔ የማውቃቸው የእነዚህ ኩባንያዎች ሆቴሎች ሁሉ አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው። ከአስኮ ወጥተሽ እስከ ነቀምቴ አንድም የለም። ነጥቡ ቡራዩን ሳያልፍ ያልቃል።

በነጥብ የተያዘ ክፍል ቀኑ ሳይደርስ ከተሰረዘ አብዛኛውን ጊዜ ነጥቡ እንደሚመለስ ልጄ ራሷ ነገረችኝ። ሁለቱን የሂልተን ሌሊቶች ሰርዘን ለሲሬ ሰጠናቸው። አንዱን ለልጆቹ ዋና ብለን ተውነው።

ከአንድ ከምናምነው ሾፌር ጋር ኮንትራት ይዘን ጎህ ሲቀድ ወጣን። ደንባችን ቀላል ነበር። በየከተማው ስልክ ደውሎ የፊቱን መንገድ መጠየቅ፣ ከመሸ አለመንቀሳቀስ። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፈን አምቦ ቁርስ በላን። ልጆቹ የአምቦ ውሃ ከመሬት ጋዙን ይዞ እንደሚወጣ ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ፋብሪካ ውስጥ የሚነፋ መስሏቸው ነበር። ከጉደር በኋላ ጌዶ ላይ ጉሙ መስኮቱን ዘጋው፤ ትንሿ ጋቢዬ ውስጥ ገባች። ከዚያ መንገዱ ወደ ቆላው እየወረደ ይሞቃል። ኢጃጂ፣ ቀጥሎ ባኮ። ባኮ ከመድረሳችን በፊት የተሻገርነው ጊቤ ደፍርሶ ሞልቶ ነበር። ባኮ የበቆሎ አገር ነው። ገበሬው «ቢኤች» እያለ የሚጠራቸው ምርጥ ዘሮች ስማቸውን ያገኙት ከባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል ነው፤ «ቢ»ዋ ባኮ ናት። በሐምሌ ማሳው ከሰው ቁመት በልጦ ግራና ቀኙን እንደ ግንብ ይዞ ይቆማል። ወንዱ ልጅ «ይህን ሁሉ በእጅ ነው የሚሸለቅቁት?» ብሎ ጠየቀ። በጥር መጥተህ እየው አልኩት።

አኖን አልፈን ከሰዓት በኋላ ሲሬ ገባን።

የባለቤቴ ወንድም በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጆቹ «አካኮ» እያሉ ሮጡ፤ ከአባታቸው ወገን የቀረ አያት እሳቸው ናቸው። እራት ጩምቦ ነበር፤ ወፍራም ተደርጎ የተጋገረ የጤፍ እንጀራ ቅቤና እርጎ ጠጥቶ። አንጮቴ ገና አልደረሰም ነበር፤ አጥንት የተሰበረውን ሁሉ «አንጮቴ አብሉት» የምትለው አማቴ ትዝ አለችኝ። ለሐኪም ቤት ጀሶ ምትክ አይሆንም፣ ካልሲየም ግን አለው፤ እኔም ከጀሶው ጋር ብሉ እል ነበር። ቡናው ተፈላ፣ ምርቃቱ ረዘመ። ይህኛው ምርቃት ቃሉ የወጣበት ነው፤ ሽማግሌው ቆመው የልጅ ልጆቻቸውን ራስ እየዳሰሱ በኦሮምኛ የሰጡት። ልጆቹ «አሜን» የሚባልበትን ቦታ ብቻ ያውቁ ነበር፤ አልዘለሉም።

ሌሊት ልጄ ውሃ ፍለጋ ተነስታ አየቻቸው። ቤቱ ያለው አልጋ ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ለኛ ሰጥተው፣ 84 ዓመት የሞላቸው ሰው ጓዳ ውስጥ ቁርበት ላይ ተኝተዋል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ጠዋት ግድግዳ ይዘው ሲነሱ አይቻለሁ።

በማግሥቱ ልጄ ሳትነግረኝ ወጥታ አልጋ ቤት ፈለገች። ዋናው መንገድ ዳር አንድ አገኘች። አልጋ፣ የታጠበ አንሶላ፣ የፕላስቲክ መታጠቢያ፣ መብራት ቢጠፋ ብለው ያስቀመጡት ሻማ፤ ኪራዩ ጥቂት መቶ ብር። ባለቤቷ ንጹሕ ሴት ናት፣ እኔም ገብቼ አይቻለሁ፣ ነውር የለውም። ልጄ «አባ፣ እኛ እዚያ እንደር፤ እርስዎ አልጋዎ ላይ ይተኙ» ስትላቸው ግን ሽማግሌው ጭራቸውን አስቀምጠው፣

«ቤቴ ጠበበሽ ወይስ እኔ ሸተትኩሽ?» አሏት።

ዕንባዋ መጣ። እኔ ገባሁበት። ለማስታረቅ ብዬ ነገሩን ወደ ቀልድ ልወስደው የካርዱን ጉዳይ አነሳሁ፤ አሜሪካ ሆቴል ለማደር በዓመት መጀመሪያ ገንዘብ እንደሚከፈል ነገርኳቸው።

«ሳታድሪም ትከፍያለሽ?» አሏት።

«አዎ አባ።»

«ካላደርሽ ይመልሱልሻል?»

«አይመልሱም።»

ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያው እኔም ካርድ ላውጣ» አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም።

ከሳቁ በኋላ ግን ሒሳቡ መጣ፣ እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው። የሽማግሌው ቤት አዳር ለኛ ነፃ ነው፤ ለሳቸው ነፃ አይደለም። በጉ አለ፣ ስኳሩ አለ፣ ቡናው አለ፣ ከሁሉ በላይ አልጋቸው አለ። ካርዱም ጋ ነፃ የለም፤ 245 ዶላሩ በየዓመቱ ከልጄ ደመወዝ ይወጣል። በሁለቱም በኩል የሚከፍል ሰው አለ፤ አንደኛው በባንክ ወረቀት ላይ ይታያል፣ ሁለተኛው በሽማግሌ ጉልበት ላይ። ከውጭ የሚመጡ ልጆቻችን የሆቴሉን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ያውቁታል፤ የዘመድ ቤቱን አዳር ዋጋ የሚያሰላው ግን የለም። ሲሄዱ ትራስ ሥር ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ እሱም ደግ ነው፤ ግን በቀጣዩ ዓመት ሲመለሱ ሽማግሌው አሁንም ቁርበት ላይ ናቸው።

አንዳንድ አንባቢ፣ ዕድርስ ሳንጠቀም አይደል የምንከፍለው ይለኝ ይሆናል። ዕድር ሌላ ነው። ዕድር ባልደረሰብኝ ብዬ የምከፍለው ነው፤ የኔ መዋጮ ዛሬ ለጎረቤቴ ድንኳን ይሆናል። የሆቴል ካርድ የሚያዋጣው ግን ተጠቅመሽ ስትጨርሺው ብቻ ነው። ያልተጠቀምሽበት ሌሊት ለጎረቤት አይተርፍም።

ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን ሲሬ ሳለን የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ማድረጉ በሬዲዮ ተሰማ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ 100 ብር አለፈ። ልጄ ስልኳ ላይ አሰላችው። የሁለቱ ካርዶች የዓመት ክፍያ በቀድሞው ምንዛሬ ወደ 14,000 ብር፣ በ100 ብር ቢሰላ 24,500 ብር ነው። ሚኒሶታ ላይ 245 ዶላር የአንድ ቅዳሜ አስቤዛ ነው አለችኝ። ሲሬ ላይ ምን እንደሆነ መንገር አላስፈለገኝም።

በማግሥቱ ነቀምቴ ሄድን። ልጆቹ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት አዩ፤ የእንጨት ሥራውን ወንዱ ልጅ በጣም ወደደው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ ያረፉት በዚሁ ከተማ መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ ገበያ ገባን፤ የመጣንበት ዋና ጉዳይ ያ ነበር። አንድ የእንጨት አልጋ፣ አንድ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ሦስት አጎበር ገዛን። አልጋውን ፈታተን ፍራሹን መኪናው ላይ አሰርነው።

ስለ አጎበሩ አንድ ነገር ልበል፣ ሥራዬ ነበርና። ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች የሆነ አገር ለወባ ይመቻል፤ ሲሬም ባኮም በዚያ ውስጥ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ከፍተኛው ቁጥር የኦሮሚያ ነው። ውጭ የተወለደ ልጅ ሰውነቱ ወባን አያውቃትም። ወላጆቹ ቆላ ቢያድጉም እሱን አይጠቅመውም፤ እነሱም ለዓመታት ርቀው ከሆነ የነበራቸው መቋቋሚያ ተዳክሟል። ስለዚህ ጉዞው ሲታሰብ ከሆቴሉ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። መከላከያ ክኒኑ ለልጅ የሚሰጠው በክብደቱ ነው፤ ከመነሳት በፊት ተጀምሮ፣ ከተመለሱም በኋላ ሐኪሙ እስካለበት ቀን ድረስ ይቀጥላል። ወደ አሜሪካ ከገቡ በኋላ ትኩሳት ከመጣ «ኢትዮጵያ ነበርን» ብሎ ለሐኪሙ መናገር ግድ ነው፤ አለበለዚያ ጉንፋን ብለው ይመልሷቸዋል። ክኒኑ አሜሪካ ላይ ገንዘብ ያስወጣል። የካርድ ክፍያ ሲከፈል ያላመነታ ቤተሰብ እዚህ ላይ ሲቆጥብ ማየት አልወድም።

ወደ ወረቀታችን ልመለስ። አስኮ ተመልሰን ከመለያየታችን በፊት ልጄ ወሰነች። የ150 ዶላሩን ካርድ፣ ዓመታዊ ክፍያ ወደሌለው የዚያው ሆቴል ካርድ አስለወጠችው፤ እንዲህ ያለ መኖሩን ታውቅ ነበር፣ ግን አስባበት አታውቅም። ክፍያው ገና እንደተቆጠረ ቶሎ ከተጠየቀ አብዛኞቹ ባንኮች ይመልሱታል፤ ለዚህ 30 ቀን ያህል አለ። የ95 ዶላሩን ግን አስቀረችው። መጀመሪያ ልቃወም ነበር። ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ የልጇ እግር ኳስ ቡድን ሌላ ከተማ ሲጫወት ሁላቸውም ሆቴል ማደራቸው የማይቀር መሆኑን አስረዳችኝ፤ ያ ክፍል ከኪሷ ከ95 ዶላር በላይ ያስወጣታል። እውነቷን ነው፤ ካርድ ባይኖርም የምትከፍለው ገንዘብ ነው። የኔ መለኪያ ይኸው ነበር። ሆቴሉ በር ላይ የሚለጥፈውን የ250 ዶላር ዋጋ «አተረፍኩ» ብሎ መቁጠር አይገባም። ያ ካርድ ባይኖር አንቺ ለዚያ ሌሊት ስንት ትከፍይ ነበር? አስኮ እናትሽ ቤት ትተኚ ከነበር ትርፉ ዜሮ ነው።

የብድሩ ነገር ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። የአሜሪካ ክሬዲት ካርዶች አማካይ ወለድ ከ2023 ወዲህ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። 1,000 ዶላር ዕዳ ይዞ ዓመት የሚያዞር ሰው ከ200 ዶላር በላይ ለወለድ ይሰጣል፤ ለዚያ ሰው ነጥብ መቁጠር ስኳር ሕመም ይዞ ማር እንደመቅመስ ነው። ልጄ በየወሩ ጨርሳ ትከፍላለች። የማትከፍል ብትሆን ኖሮ ሁለቱንም ካርድ አስቆርጣት ነበር።

የሆቴሎቹ አባልነት በራሱ ያለ ካርድም በነፃ ይመዘገባል። በገንዘብ ያደሩበት ሌሊት፣ ክፍሉ በቀጥታ ከሆቴሉ ከተያዘ፣ ነጥብ ያስገኛል። የአየር መንገዳችን የሸባ ማይልስም መመዝገቢያ ክፍያ የለውም። ወደ አገር ቤት ለሚመላለስ ቤተሰብ ከሆቴል ሌሊት ይልቅ ቲኬቱ ነው ከባዱ፤ ልጆቹን ሁሉ በስማቸው ማስመዝገብ ይሻላል። የኛዎቹ እስከዚያ ክረምት አልተመዘገቡም ነበር። አያቶች ይህን ብታስታውሱ መልካም ነው።

የሲሬው አልጋ ጓዳው አጠገብ ያለችው ክፍል ውስጥ ተተክሏል። ሦስተኛ አልጋ ሆነ ማለት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ማንም ወደ ቁርበት አይወርድም። በቀረችን ሌሊት ልጄ ተኛችበት። ሽማግሌው በራሳቸው አልጋ ላይ አድረው ጠዋት «እንደ ሹም ተኛሁ» አሉን። ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ እደውላለሁ። ጉልበታቸውን እጠይቃለሁ፤ አዲሱ ፍራሽ ወፍራም ነውና እሱ ላይ ይተኙ እላለሁ። «የልጆቹ ነው» ይሉኛል። አጎበሩን ሰቅለውታል፤ የፍራሹን ፕላስቲክ ግን ልጄ ካደረችበት በኋላ መልሰው አልብሰውት ክፍሉን ቆልፈውታል። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው።